ሥዕል የሌለባቸው የአሪታ ዕቃዎች

በጃፓን ኪዩሹ ደሴት የምትገኘው አሪታ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢዙሚያማ በተባለው ስፍራ ለፖርሰሊን፣ ማለትም ለነጭና ጠንካራ የሸክላ ዕቃ፣ የሚሆን ድንጋይ ከተገኘ ጀምሮ በእቶን ሥራ የምትኖር ከተማ ናት። በቶዛን የሺንቶ (የጃፓን ነባር እምነት) መቅደስ እ.ኤ.አ. በ1888 የቆመው፣ ቶሪኢ የሚባለው መግቢያ በር ሳይቀር ሰማያዊ ሐረግ የተሣለበት ፖርሰሊን ነው። ሙያውን በተማርሁባት በዚህች ከተማ ለቤት መሠዊያ የሚሆኑ ዕቃዎችን መሥራት ስጀምር ግን ሥዕሉን ትቼ ነጩን ብቻ ያዝሁ።

በሺንቶ እምነት ካሚ የሚባሉት መናፍስት በዛፍ፣ በዐለትና በፏፏቴ ያድራሉ። ሩዝ፣ ጨው፣ ውኃና ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥ የሚቀርቡባቸው የመሠዊያ ዕቃዎች በአብዛኛው ያልተጌጡ ነጫጭ ሲሆኑ፣ አብሯቸው የሚቆመው የሳካኪ ዛፍ ቅርንጫፍ እውነተኛ ቅጠል ነው፤ ከእሱ ጎን ሌላ ቅጠል መሣል ትርፍ ነገር ሆኖ ታየኝ። በዚህ ፈንታ የተቀደሰ ዐለት ወይም ዛፍ ሺሜናዋ በተባለ የገለባ ገመድ ወገቡ ላይ የሚታሰርበትን ልማድ ወሰድሁ፤ በሳኬ ጠርሙሶቹ ወገብ ዙሪያም፣ ገመዱ ያርፍበት በነበረው ቦታ፣ ልባስ (ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚሆነው ሽፋን) ያልነካው ቀበቶ ተውሁ።

ቀበቶውን የማወጣው በሰም ነው። በመጀመሪያው ዙር በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰውን ጠርሙስ በሚሽከረከረው ገበታ መካከል አቁሜ፣ ሰም የነካውን ብሩሽ ሳላንቀሳቅስ አስጠጋበታለሁ። ጠርሙሱ ልባሱ ውስጥ ሲነከር ፈሳሹ ከሰሙ ላይ ይንሸራተታል፤ የቀሩት ጠብታዎች በእርጥብ ስፖንጅ ካልተጠረጉ ግን በ1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቀልጠው የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ይሆናሉ። በዚሁ በሁለተኛው ተኩስ ወደ እቶኑ የሚገባውን አየር ስለምቀንስ፣ በጭቃውና በልባሱ ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት ነጩን ወደ ቢጫ ሳይሆን ወደ ሰማያዊ እንዲያደላ ያደርገዋል።

ፖርሰሊን ቂመኛ ነው፤ እርጥብ ሳለ የጎበጠ አፍ በእጅ ቢቃናም እቶን ውስጥ ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል። ስለዚህ አዲስ ዕቃን ከገበታው የማነሣው እንዳረፈበት፣ ከነሰሌዳው ነው። ደግሞም እስኪተኮስ ድረስ ከ10 በመቶ በላይ ስለሚኮማተር፣ የሳካኪ ማስቀመጫውን አፍ ለሚያየው ሰው ከልክ ያለፈ እስኪመስል አስፍቼ እሠራዋለሁ። ልባስ የሌለው ቀበቶ የእጅ ወዝ እንደሚይዝ ያወቅሁት ዕቃዎቹ አገልግሎት ላይ ከዋሉ በኋላ ሲሆን፣ አሁን ለደንበኛ ከማስረከቤ በፊት ውኃ ውስጥ ይዤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ።