ወባ የሚጨርሳቸው የሃዋይ ወፎች

ሃኒክሪፐር ስለሚባሉት የሃዋይ ወፎች ካነበብኩ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጡም። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ከእስያ የመጣ አንድ የወፍ ዘር ደሴቶቹ ላይ ተባዝቶ ከ50 በላይ ዝርያ ሆነ፤ ምንቃራቸውን ብታዩ ዘመዳሞች ናቸው ብላችሁ አታምኑም። እኔ የምወደው አኪያፖላኡን ነው። በአጭሩ የታች ምንቃሩ ግንዱን ይቀጠቅጥና በረጅሙ፣ ቆልማማው የላይኛው ትሉን ጎልጉሎ ያወጣል። በአንድ አፍ ሁለት መሣሪያ!

ዛሬ የቀሩት 17 ዝርያዎች ገደማ ናቸው። ብዙዎቹን የጨረሰው የወፍ ወባ ነው። በመርከብ የገባችው ትንኝ ብርድ ስለማትችል ተራራው መሸሸጊያቸው ነበር፣ አሁን ግን ሙቀቱ ሲጨምር እዚያም ተከተለቻቸው። ከ2023 ጀምሮ ማዊ ደሴት ላይ ልዩ ወንድ ትንኞች ከሄሊኮፕተር እየተለቀቁ ነው፤ አይናከሱም፣ ከእነሱ ጋር የተገናኘች ሴት እንቁላሏ አይፈለፈልም። ይሄ ሥራ በገንዘብ እጦት እንዳይቆም ከልቤ እመኛለሁ።