ላ ዲግ ደሴት ላይ በ"10 ሰዓት" ምክንያት ድንጋይ ላይ ያመሸሁት ነገር

ከሲሼልስ ስመለስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስንት ፈጀብህ ነው፣ ስለ ባህሩ ውሃ መሙላትና መጉደል የጠየቀኝ የለም። እኔንም ከመሄዴ በፊት ስለ ውሃው የነገረኝ ስላልነበረ ነው ይሄን የምጽፈው።

ጉዞው ራሱ ቀላል ነው። የመግቢያ ፈቃዱን ኦንላይን ትሞላላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ዋናዋ ደሴት ማሄ ቀጥታ በረራ አለ፣ ከማሄ በጀልባ ፕራስሊን የምትባል ደሴት፣ ከዛ ሌላ 15 ደቂቃ ላ ዲግ። ደሴቷ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ሳይክል ተከራዩ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። አንስ ሱርስ ዳርዣን የሚባለው፣ ፖስትካርድ ላይ የምታዩት ትልልቅ ግራጫ ድንጋይ ያለበት ባህር ዳር አለ። ሊዩኒየን እስቴት በሚባል የድሮ የኮኮናት እርሻ በኩል ከፍላችሁ ነው የምትገቡት። ሰው እዛው ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፣ ግን ውሃው ሲወርድ በእግር እየተንቦራጨቃችሁ ወደ ደቡብ ከቀጠላችሁ ሰው የሌለባቸው ትንንሽ ባህር ዳሮች አሉ። ያረፍንበት ቤት ሴትዮ "ነገ ውሃው አስር ሰዓት ላይ ነው የሚወርደው" አለችኝ በእንግሊዝኛ። እኔ ደግሞ ማስታወሻዬ ላይ በአማርኛ "ውሃ 10 ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ። ገባችሁ አይደል?

በማግስቱ ጠዋት፣ ውሃው ወርዶ ባለበት ሰዓት፣ እኔና ታናሽ እህቴ ቁጭ ብለን ቁርስ እየበላን ነበር። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን፣ ውሃው ጉልበት አካባቢ ነው፣ አለፍን። እህቴ "ውሃው እየጨመረ አይደል እንዴ?" አለች፣ እኔ ማዕበሉ ነው አልኳት። ባህር ዳር ከተማ ነው ያደግኩት፣ ጣና ከቁርስ እስከ ምሳ ወገብ ድረስ ሲሞላ አይቼ አላውቅም፣ ባህርም እንደዛው መስሎኝ።

10 ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ለመመለስ ስንነሳ የመጣንበት መንገድ የለም። ሁለት ድንጋይ መሀል ስንመጣ ጉልበት ድረስ የነበረው ቦታ ውሃው ደረቴ ደርሶ ወደ ውስጥ ይስባል። ለካ ባህር ከዝቅታው ወደ ሙሌቱ የሚሄደው 6 ሰዓት ያህል ፈጅቶ ነው፣ የእኛና የፈረንጅ ሰዓት ልዩነትም 6! ብሳሳት ብሳሳት ልክ ተቃራኒው ላይ ነው የወደቅኩት። ለመሻገር ሞክሬ ስልኬ ጠለቀ፣ ሞተ። ድንጋይ ላይ ወጥተን አንድ ጠርሙስ ውሃ እየተካፈልን ቁጭ አልን። እዛ አገር ጀምበር 12 ሰዓት አልፎ ትንሽ ስትቆይ ትጠልቃለች፣ ከዛ ድቅድቅ ነው፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ማምሸት የሚባል ነገር የለም። 2 ሰዓት አካባቢ ውሃው ጉልበት ሲደርስ በእህቴ ስልክ መብራት ወጣን፣ እግሬ በድንጋዩ ተልጦ። ሳትናገረኝ ነው የመጣችው፣ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ስለዚህ የውሃውን ሰዓት "ጠዋት" ወይ "ከሰዓት" ብላችሁ ጻፉ። ዝቅ ከማለቱ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ፣ ዝቅ ሲል ተመለሱ። ጋይዶች ሁሉ ደህና የተራራ ጫማ አድርጉ ይላሉ፣ እኔ አልስማማም፣ ውሃ ገብቶበት ድንጋይ ይሆንባችኋል፣ የእኛው ኮንጎ ጫማ ይበልጠዋል።

ደግሞ ሱርስ ዳርዣን ተጋኗል። ከግራንድ አንስ በፔቲ አንስ አድርጋችሁ አንስ ኮኮ በእግር ሂዱ፣ መንገዱ በየብስ ነው፣ የሚሞላ የሚጎድል ነገር የለበትም። ግራንድ አንስ ላይ ግን ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ አትዋኙ፣ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ይጎትታል። እኛ በማግስቱ ሄድን፣ እህቴ ከፊት ከፊት፣ እኔ ያለ ስልክ። አንስ ኮኮ ጫፍ ላይ በድንጋይ የተከለለ የረጋ ውሃ ነበር፣ ልግባ አልገባም እያልኩ ሳመነታ "ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ። አልመለስኩላትም።