መብራት ከሄደ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ

ነገሩ የጀመረው በቦሎ ሰሞን ነው። መርማሪው ሊብሬውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ተመልሶ ሊብሬውን አየ። «እዚህ ቀይ ይላል። ይቺ ሮዝ ናት» አለኝ። ሳታሳውቅ ቀለም ቀይረሃል ማለቱ ነው። ከፋብሪካ ከወጣች ብሩሽ ያልነካት ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ፀሐይ ነው ያነጣት ብል ማን ይስማኝ። «አስተካክለህ ና» ብሎ መለሰኝ።

መኪናዋ የአጎቴ ናት። ጋሼ ዓይኑ ደከም ካለው ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ። ዓባይ ማዶ ግቢ ውስጥ ጥላ በሌለበት ስትቆም ስንት ዓመቷ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም፣ ቀይ ቀለም ደግሞ ቶሎ ይሸነፋል። ኮፈኑን በጣቴ ስነካው እንደ ጠመኔ ብናኝ ይይዘኛል።

ቀለም ቀቢው «ሙሉ ቀለም ካልሆነ በከንቱ አትልፋ ወንድሜ» አለኝ። ዋጋውንም ጠራልኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

እሱን ከመስማታችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ኮምፓውንድ፣ ማለትም ቀለም የሚፈገፍጉበትን ቅባት፣ አድርጉና መዳፍ የምታህል ቦታ እሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ላዩ ላይ ቫርኒሽ፣ ያ ቀለም አልባው የሚያብረቀርቅ ሽፋን፣ የለውም ማለት ነው። የሞተው የላይኛው ስስ ሽፋን ነው፣ ከሥሩ ደህና ቀለም አለ። ብዙ የድሮ መኪኖች እንዲህ ናቸው። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ መኪናው ላይ እንደተላጠ ቆዳ የሚነሳ ነገር ካያችሁ ግን የሄደው ቫርኒሹ ነው። እሱን ፖሊሽ ማሽን አይመልሰውም። ያኔ ቀለም ቀቢው ልክ ነው።

የእኔ ጨርቅ ቀላ። ደስ አለኝ።

ፖሊሽ ማሽኑን ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ስፖንጅ 3 ዓይነት ገዛሁ፣ ጠንካራ፣ መካከለኛና ለስላሳ። አንዱ ደግሞ ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ብታስር ያው ነው ብሎኝ ነበር። ያው አይደለም። ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል፣ ለዚህ ሥራ ከ1,000 እስከ 1,500 ይበቃል።

ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ጎማና ፕላስቲኩን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። በነገራችን ላይ ሐይቅ ዳር አታሳጥቡ። እኔ ስንት ጊዜ ነው ያሳጠብኳት፣ በአንድ ባልዲና በአንድ ጨርቅ። ጨርቁ የያዘው አሸዋ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ትቶባታል። ጣናም የእኛ ሳሙና አላማረውም።

ሥራው ራሱ አይከብድም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር እየከፈላችሁ፣ አተር የሚያካክሉ 4 ጠብታዎች ጠብ አድርጋችሁ፣ ስፖንጁን አስቀምጣችሁ ነው ማሽኑን የምታስነሱት። አስነስታችሁ ካስቀመጣችሁ ኮምፓውንዱ ፊታችሁ ላይ ነው። አንድ ቦታ አትቁሙ። በየመሃሉ ስፖንጁን በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት። የመጀመሪያዋን ካሬ ስጠርግ ከሥር እንደ ድልህ የቀላ ነገር ብቅ አለ። እቴቴን ጠርቼ አሳየኋት። ልብሷን እያሰጣች ነበር፣ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

የማሽኑ መመሪያ ሥራው ረጅም ከሆነ ማብሪያውን ቆልፈህ ሥራ ይላል። እኔም ጣቴ ሲዝል ቆለፍኩት። ኮፈኑ ሊያልቅ አንድ ክንድ ሲቀረኝ መብራት ሄደ። ማሽኑ ዝም ሲል ተሳድቤ እዚያው ኮፈኑ ላይ፣ መስተዋቱ ሥር አጋደምኩትና ቡና ልጠጣ ገባሁ። ማብሪያው እንደተቆለፈ ነው። ሶኬቱ እንደተሰካ ነው። ሶኬቱ ያለው ደግሞ ሳሎን፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ!

ሁለተኛውን ስኒ ሳነሳ ማቀዝቀዣው እር አለ። «ጎሽ፣ መጣ» አልኩ። ወዲያው ከውጭ ጩኸቱን ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ ማሽኑ ራሱን ችሎ ይሠራል። ዝናብ መጥረጊያው ሥር ተሸጉጦ፣ የኮፈኑን ጠርዝ ነክሶ፣ እዚያው በዚያው ይፈጫል። ልይዘው ብል ሽቦው እየተወናጨፈ አላስጠጋ አለኝ። ተመልሼ ሳሎን፣ ቁም ሳጥን ጎትቼ፣ እጄን ሰድጄ እስክነቅለው ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው።

የመኪና ቀለም ከነሥር ሽፋኑ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ያህል ነው ውፍረቱ። ጠርዝ ላይ ከዚያም ይሳሳል። ግማሽ ደቂቃ ለእሱ ዕድሜ ነው። ቀዩ አልቆ፣ ግራጫው የሥር ሽፋን አልቆ፣ መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ ፍጥጥ ብላ ታየችኝ። የተቃጠለ ስፖንጅ ይሸታል። ቀና ስል ደግሞ የእቴቴ ነጠላ። ገመድ ላይ የተሰጣው ነጭ ነጠላ ከጥለቱ እስከ መሃሉ ቀይ ነጠብጣብ ሆኗል። እሷ ነጠላውን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መብራት የሚያጠፉትን ሳማ ሰነበትኩ። ግን ቆላፊው እኔ ነኝ። መመሪያው የፈለገውን ይበል፣ እዚህ አገር ማብሪያ አይቆለፍም። ጣት ከዛለ ይረፍ። ኤክስቴንሽን ስቡና ሶኬቱን ከአጠገባችሁ አድርጉት። የኮፈንና የበር ጠርዞችን በፕላስተር ሸፍኑ፣ በመጨረሻ በእጃችሁ ታሿቸዋላችሁ። ስትጨርሱ ሰም ቀቡ፣ አለዚያ ፀሐይዋ የሠራችሁትን መልሳ ትወስደዋለች።

ቀሪውን በ2 ቀን ጨረስኩ። ጣሪያው ላይ ዛፉ ይታያል፣ በሩ ላይ ፊታችሁን ታያላችሁ። ይቺን ማንም አይነጥቀኝም። ጋሼ ዙሪያዋን በእጁ እየዳበሰ ዞረ፣ ቆርቆሮዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዝገት እንዳይጀምራት ቀለም ቀቢው ጋ ተመልሼ አንገቴን ደፍቼ አስነካኋት፣ ቀለሙ ግን አልገጠመም። በማግስቱ ጋሼ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስቲከር ይዞ መጣና ለጠፈባት።

ቦሎ ስመለስ ያ ሰውዬ የለም። ሌላው ፍሬኑን ሞከረ፣ መብራቱን አየ፣ አሳለፈኝ። ቀለሟን ቀና ብሎም አላያት።

የእቴቴን ነጠላ ግን እስካሁን አልተካሁም።