የተዘጋው ዳርቻ

ዛሬ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ከሲያትል ወጣ ብለን ፒዩጀት ሳውንድ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ ሄድን። እሱ ክላም (አሸዋ ውስጥ የሚኖር ባለዛጎል የባሕር እንስሳ) ቆፍሮ ሊለቅም፣ እኔ ነፋስ ልቀበል። (እኛ ቤት ዛጎል ለበስ ነገር እንኳን በጾም በፍስክም አይቀርብ!) ስንደርስ ዳርቻው ለለቃሚ ተዘግቷል፤ ማስታወቂያው ባዮቶክሲን (ሕይወት ያለው ነገር የሚያመነጨው መርዝ) ይላል። ውኃው ግን ኩልል ያለ ነው።

«ቢቀቀልስ?» አልኩት። ሳቀብኝ። ሳክሲቶክሲን የሚባለው መርዝ በእሳት አይጠፋም፤ በማሽተትም በመቅመስም አይለይም። የሚያመነጩት አልጌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ የውኃ ውስጥ ፍጥረታት ናቸው፤ ክላሙ ውኃ እያጣራ ሲመገብ በሥጋው ያጠራቅመዋል። የበላው ሰው ከንፈሩ ይደነዝዛል፤ ሲብስ የመተንፈሻ ጡንቻው ይሽመደመዳል። ማርከሻም የለውም።

ስለዚህ ያለው መላ ቀድሞ መመርመር ነው። የዋሽንግተን ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት ከየዳርቻው ናሙና ያስመረምራል፤ በ100 ግራም ሥጋ ውስጥ 80 ማይክሮግራም (የግራም ሚሊዮንኛ) መርዝ ከተገኘ መልቀም ይከለከላል። ለብዙ ዘመን መመርመሪያዋ አይጥ ነበረች፤ የክላሙ ሥጋ ጭማቂ በመርፌ ይሰጣትና በስንት ደቂቃ እንደምትሞት ይታያል። ምስኪን! ዛሬ በብዙ ቦታ የኬሚስትሪ መሣሪያዎች ተክተዋታል።

ከሁሉ የገረመኝ በተር ክላም የሚሉት የክላም ዓይነት ነው፤ መርዙን ከዓመት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል አሉ።

እዚህ አካባቢ ያላችሁ፣ ልጆች ይዛችሁ ልትለቅሙ ካሰባችሁ መጀመሪያ የጤና መሥሪያ ቤቱን የዳርቻ ካርታ ድረ ገጹ ላይ እዩ።