ያልሞተውን ሐረግ ያስነቀለው ሰው

ስለ ወይን ጠጅ ታሪክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው፣ እ.ኤ.አ. ከ1668 ጀምሮ በኦቪሌ ገዳም የመጠጥና የስንቅ ኃላፊ የነበረው መነኩሴ ዶም ፔሪኞን ነው። ሻምፓኝን ፈጠረ ይባልለታል፤ እርሱ ግን የደከመው ወይን ጠጁ አረፋ እንዳያወጣ ነበር። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማከብረው የሞንፔልዬውን የዕፅዋት ሊቅ ጁል ኤሚል ፕላንሾንን ነው፤ ምክንያቱንም እንደ እኔ ጅማ ውስጥ ከቡና ጋር ያደገ ሰው ፈጥኖ የሚረዳው ይመስለኛል።

በ1860ዎቹ በደቡብ ፈረንሳይ የወይን ተክሎች ቅጠላቸው እየገረጣ ይደርቁ ጀመር። ገበሬዎች የደረቀውን ነቅለው ቢመረምሩ ከበሰበሰ ሥር በቀር ምንም አላገኙም። በሐምሌ 1868 ፕላንሾን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ወደ እርሻው በሄደ ጊዜ ገና በሕይወት ያሉትን ጭምር አስነቀለ፤ ሥራቸውን በማጉያ መነጽር ሲያየውም ጥቃቅን ቢጫ ክሽክሽ ወሮት ነበር። ነፍሳቱ ሥሩ ሲሞት ወደ ጎረቤት ተክል ስለሚሻገሩ፣ የሞተውን ብቻ የመረመረ ሁሉ ገዳዩን የሚያገኘው ከሄደ በኋላ ነበር። ይህን ባሰብሁ ቁጥር እደነቃለሁ።

ፊሎክሴራ የተባለው ይህ ተባይ ከአሜሪካ በመጡ የወይን ችግኞች የገባ ነው። መንግሥት መድኃኒት ለሚያገኝ 300,000 ፍራንክ ሽልማት ቢያቀርብም፣ በ1875 ከ80 ሚሊዮን ሄክቶሊትር (አንዱ 100 ሊትር ነው) በላይ የነበረው የአገሪቱ ምርት በ1889 ወደ 23 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። መፍትሔው የመጣው ከተባዩ አገር ነው፤ የአሜሪካ ወይን ሥር ተባዩን ስለሚቋቋም፣ ዛሬ አቮካዶ ላይ እንደምናደርገው ሁሉ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ በአሜሪካው ሥር ላይ ገጠሙት። የአውሮፓ ወይን እስከ ዛሬ በአብዛኛው የቆመው በዚያ ሥር ነው።

በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ታየ። በሽታውን የሚያመጣው ሻጋታ፣ ከፊሎክሴራ በተለየ፣ ሥር አይነካም፤ ለጋውን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፋል። ጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ግን የተከተሉት መንገድ ከፕላንሾን ጋር ይዛመዳል፤ በታመሙት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን እናት ዛፎች እየፈለጉ ዘር ሰበሰቡ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች መነሻ ቁጥራቸው የተመረጡበትን 1974ን ያመለክታል።

በጓሯችን የበዛው 74110 ነው። ከአጥሩ ሥር ግን በዚያ ክፉ ዘመን ፍሬያቸው ያልረገፈ ሦስት አሮጌ ዛፎች አሉ፤ አባቴ ምርታቸው ቢያንስም እንዲነቀሉ አይፈቅዱም።