የጭቃ ቤት ሲሠራ የት ላይ ይቆጠብ?

ዛሬ አዘዞ በኩል በጅምር ያለ የጭቃ ቤት አየን፤ ቋሚዎቹ በቀጥታ አፈር ውስጥ ተተክለዋል። ያሳዝናል። ድንጋይ ተወደደ ተብሎ ነው፤ ነገር ግን ምስጥና እርጥበት እንጨቱን ከሥሩ ይጨርሱታል፣ በደመወዝ የሚኖር ቤተሰብም ዞሮ ዞሮ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

መሠረት ላይ አትቆጥቡ። ዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም ይዞት ይሄዳል። ዋልካው አልቆ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈር፤ የድንጋይ ግንቡ ከመሬት በላይ ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር ይውጣ። ባህር ዛፉ ተልጦና በደንብ ደርቆ ግንቡ ላይ ይቁም፤ ከግንቡ በሚወጣ ፌሮ ይታሰር።

ጭቃው የሚፈልገው ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ነው። ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር እየተረገጠ፣ ውሃ እየተጨመረበት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቡካ። ሳይቦካ የተመረገ ይረግፋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አትደንግጡ፣ ሁለተኛው የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው። በሲሚንቶ ግን አትለስኑት፤ ከጭቃው ጋር እኩል ስለማያብጥና ስለማይኮማተር ይላቀቃል።

የቆርቆሮው ክፈፍ ከግድግዳው 60 ሳንቲሜትር ይውጣ። ሁለቱም ዙር ምርጊት ሰኔ ሳይገባ መድረቅ አለበት።