መብራቱን አጥፍተን ስንጋጠም፦ ከድሮ የፌንሲንግ ሻምፒዮኖች እየተማርኩ ያለሁት

ሰላም ለሁላችሁ። በፌንሲንግ ፎይል የሚባለውን ሰይፍ መማር ከጀመርኩ ወዲህ የት እንደደረስኩ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ዛሬ እሱን እነግራችኋለሁ። ግን በልምምዱ ጎን ለጎን ስለ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሻምፒዮኖች ሳነብ ከርሜአለሁ። ንባቡ ልምምዴን ስለቀየረው ሁለቱን ለይቼ ማውራት አልቻልኩም። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ለአዲሶች በአጭሩ፦ ፌንሲንግ በሰይፍ የሚደረግ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው። ሦስት መሣሪያ አለው፦ ፎይል፣ ኤፔና ሴበር። በፎይል ነጥብ የሚያስገኘው የሰውነት ግንድ ብቻ ነው፤ ክንድና እግር አይቆጠርም። በኤፔ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር ሁሉም ይቆጠራል። በሴበር ከእጅ መዳፍ በቀር ከወገብ በላይ ያለው ሁሉ ይመታል፤ በጫፉ ብቻ ሳይሆን በስለቱም። በፎይልና በሴበር ሁለቱም ከተነካኩ ነጥቡ የሚሰጠው ቀድሞ ጥቃት ለጀመረው ነው። ተቃዋሚው ከመከተ ግን ተራው ወደ እሱ ያልፋል። በኤፔ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ቀድሞ የነካ አገኘ፣ እኩል ከነካኩ ሁለቱም አገኙ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ እግር ብቻ ነበር። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ከዚያ ላንጅ፤ ማለትም የፊት እግርን ወርውሮ መዘርጋት። የኋላ ጉልበት ቀጥ ይላል፣ ክንድ ግን ከእግር በፊት ይዘረጋል። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ብዙ ጊዜ ወስዳብኛለች። አሁን ኳርትና ሲክስት የሚባሉትን ሁለት መመከቻዎች እጄ ሳያስብ ይሠራቸዋል። ርቀት መለካትም ደህና ሆኗል። የቀረኝ ትልቁ ሥራ ጥርት ያለ ንክኪ ነው። የድሮዎቹ ሰዎች ታሪክ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ በየክለቡ የምንጋጠመው በኤሌክትሪክ ነው። የሰይፉ ጫፍ ላይ በስፕሪንግ የሚሠራ ትንሽ ቁልፍ አለ። ከሰይፉ የሚወጣው ገመድ በልብሳችን ውስጥ አልፎ ከኋላችን ካለው መጠቅለያ ጋር ይያያዛል። ስንነካ መብራት ይበራል። አሰልጣኛችን ከሰባ ዓመት ያለፉ አዛውንት ናቸው። አንድ ምሽት መሣሪያውን ከሶኬት ነቀሉትና «ዛሬ ገመድ የለም፣ ዓይን ብቻ ነው» አሉን። እሳቸው ወጣት ሳሉ እንዲህ ይጋጠሙ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ዋና ዳኛ መሃል ይቆማል። አራት ጎን ዳኞች ደግሞ በተጋጣሚዎቹ ግራና ቀኝ፣ ትንሽ ወደኋላ ብለው ይቆማሉ። ከእኔ አጠገብ ያሉት ሁለቱ የሚመለከቱት እኔን ሳይሆን ተቃዋሚዬን ነው፤ የእኔ ጫፍ እሱን መንካቱን። ያየ እጁን ያወጣል። ዋናው ዳኛ «አቁሙ» ይልና የሆነውን በቅደም ተከተል ይተርካል፤ ከዚያ ድምፅ ይጠየቃል። የጎን ዳኛ አንድ ድምፅ አለው፣ ዋናው ዳኛ አንድ ተኩል። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ዳኞች ከተስማሙ ዋናውን ይረታሉ፤ ከተለያዩ የሱ ቃል ይወስናል።

በዚያ ምሽት ወዲያውኑ የታወቀ ነገር ነበር። በመብራት ጊዜ ነጥብ የሚያስገኝልኝ ፈጣን ጠቅ ማድረግ ለሰው ዓይን አይታይም። ጫፉ ልብስ ነክቶ ወዲያው ይመለሳል፤ የሚመለከቱት ሁለቱም ዳኞች ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ክንዴን ሙሉ ዘርግቼ፣ ስለቱ ወደ ላይ ቀስት ሠርቶ ሲታጠፍ ግን የሁለቱም እጅ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የድሮ ፎቶዎችን ሳይ በሌላ ዓይን ሆነ። ያ የተዘረጋ ክንድ፣ ያ ቀጥ ያለ ጀርባ፣ ያ የታጠፈ ስለት ለውበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የማሸነፊያ መንገድ ነው። የዚያን ዘመን ሻምፒዮን ሁለት ሥራ ነበረበት፦ መንካትና መንካቱን ማሳየት።

በዚህ ዓይን ሲታይ ከሁሉም የሚገርመኝ ኔዶ ናዲ ነው። የተወለደው በ1894 በጣሊያን ወደብ ከተማ በሊቮርኖ ነው። አባቱ ቤፔ ናዲ የታወቀ የሰይፍ መምህር ስለነበር ኔዶና ታናሽ ወንድሙ አልዶ በልጅነታቸው ነው ሰይፍ የያዙት። አባትየው ፎይልና ሴበር አስተማሯቸው። ኤፔን ግን ሥርዓት የለሽ መሣሪያ ነው ብለው አይወዱትም ነበር ይባላል። በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ኔዶ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር። በፎይል የመጨረሻ ዙር ሰባቱንም ግጥሚያ አሸንፎ ወርቅ ወሰደ።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የ1916ቱ ኦሊምፒክ ቀረ። ናዲ የተመለሰው በ1920 በአንትወርፕ ነው። እዚያ ያደረገውን እስከ ዛሬ ማንም አልደገመውም። በግል ፎይል ወርቅ። በግል ሴበር ወርቅ። በቡድን ፎይል፣ በቡድን ኤፔ፣ በቡድን ሴበር ወርቅ። በአንድ ኦሊምፒክ አምስት፣ ያውም በሦስቱም መሣሪያዎች። በግል ሴበር ሁለተኛ የወጣው ማን መሰላችሁ? ወንድሙ አልዶ። አልዶም ከሦስቱም ቡድኖች ጋር ወርቅ ወስዷል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። በሴበር ኃያል የነበረችው ሃንጋሪ በጦርነቱ ከተሸነፉት ወገን ስለነበረች ወደ አንትወርፕ አልተጋበዘችም። በ1908 እና በ1912 የሴበሩን የግልም የቡድንም ወርቅ የወሰደችው እሷ ናት። ከ1908 እስከ 1964 በግል ሴበር ሃንጋሪያዊ ያላሸነፈበት ኦሊምፒክ ይኸው የ1920ው ብቻ ነው። ይህን ማለቴ ናዲን ለማሳነስ አይደለም። ፎይል የለመደ እጅ ሴበር ሲይዝ ምን ያህል እንደሚቸገር የሞከረ ያውቀዋል። እኔ በሦስቱም መሣሪያ በአንድ ኦሊምፒክ አምስት ወርቅ የወሰደ ሰው ሌላ አላገኘሁም። ናዲ በኋላ ቦነስ አይረስ ሄዶ አስተማረ። ወደ አገሩ ተመልሶም የጣሊያን ፌንሲንግ ፌዴሬሽንን መራ። በ1940 ሲሞት ዕድሜው 45 ብቻ ነበር።

ወደ ኋላ ትንሽ ልመለስ። ከናዲ በፊት ስሙ ሊታወቅ የሚገባው ኩባዊው ራሞን ፎንስት ነው። በ1900 በፓሪስ ኦሊምፒክ በኤፔ ሲያሸንፍ 16 ዓመቱ ነበር። ግራኝ ነው። በዚያ ውድድር አማተሮችና የሰይፍ መምህራን ለየብቻ ከተጋጠሙ በኋላ ምርጦቹ እርስ በርስ እንዲገናኙ ተደረገ። ይህ ልጅ እንጀራቸው ሰይፍ ከሆነ መምህራን ጋር ገብቶ ሁለተኛ ወጣ። የቀደመው ፈረንሳዊው መምህር አልቤር አያ ብቻ ነው። በ1904 በሴንት ሉዊስ ፎንስት ፎይልንም ኤፔንም በግል አሸነፈ። በክለባችን ካለ ግራኝ ጋር በተጋጠምኩ ቁጥር ፎንስትን አስባለሁ። የለመዳችሁት መመከቻ ሁሉ በተቃራኒው ይሆናል፤ ክፍት የሚሆነው ቦታም ይለወጣል።

ሌላው ግራኝ ፈረንሳዊው ሉሲየን ጎዳን ነው። በ1924 በፓሪስ ሁለት የቡድን ወርቅ አግኝቷል፤ በግል ግን በጉዳት ምክንያት አልቀጠለም። በ1928 በአምስተርዳም ተመልሶ ፎይልንም ኤፔንም በግል አሸነፈ። ያኔ 41 ዓመቱ ነበር። እኔ በትልቅነቴ ለጀመርኩት ሰው ይህ ትልቅ ወሬ ነው።

ስለ ዕድሜ ካነሳን ኤለን ኦሲየርን መዝለል አይቻልም። ሴቶች በኦሊምፒክ ፌንሲንግ የተፈቀደላቸው በ1924 ነው፣ ያውም በፎይል ብቻ። ዴንማርካዊቷ ኤለን በ33 ዓመቷ ገብታ 16 ግጥሚያ አደረገች፣ 16ቱንም አሸነፈች። ባሏ ኢቫን ኦሲየር ደግሞ ከ1908 እስከ 1948 በሰባት ኦሊምፒክ ተወዳድሯል። አይሁዳዊ ስለነበር የ1936ቱን የበርሊን ኦሊምፒክ አልሄደም። ቤታቸው የሚወራውን ብሰማ ምንኛ ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ዳኝነቱ። ነጥብን የሚወስነው የሰው ዓይን ሲሆን ጠብ ይበዛል። መጀመሪያ ጠቡ በደንቡ ላይ ነበር። በ1912 ፈረንሳይ በፎይል የላይኛው ክንድም ዒላማ ይሁን ብላ ጠየቀች። ሳይፈቀድላት ሲቀር የሰይፍ ቡድኗን ወደ ስቶክሆልም አልላከችም። ጣሊያን ደግሞ የኤፔ ስለት ወደ 94 ሳንቲ ሜትር ይርዘም ብላ ስትከለከል ከኤፔ ውድድር ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት፣ በኅዳር 1913፣ ዓለም አቀፉ የፌንሲንግ ፌዴሬሽን በፓሪስ መቋቋሙ አይገርምም። አንድ የጋራ ደንብ ያስፈልግ ነበር። በ1912 በኤፔ ወርቅ የወሰደው ቤልጅጋዊው ፖል አንስፓክም በኋላ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኗል።

ደንቡ ግን ዓይንን አልተካም። በ1924 የሴበር ውድድር ላይ ጣሊያናዊው ኦሬስቴ ፑሊቲ የአገሩን ልጆች በቀላሉ ሲያሸንፍ፣ ሃንጋሪያዊው ዳኛ ኮቫች ሆን ብለው ለቀውለታል ብሎ ከሰሰ። ፑሊቲ ተቆጥቶ ዳኛውን ዛተበት፤ ከውድድሩም ተባረረ። ጣሊያኖቹ አብረውት ወጡ። ወርቁ ለሃንጋሪያዊው ሻንዶር ፖሽታ ሆነ። ነገሩ እዚያ አላበቃም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱ ሰዎች በእውነተኛ ሰይፍ ተፋለሙ። ቆስለው፣ ደምተው፣ አንድ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ በቦታው የነበሩ ሰዎች አላቀቋቸው። ተጨባብጠው ተለያዩ።

እኔ ግን ከፑሊቲ ይልቅ የጁዲ ጊነስን ታሪክ ነው ለጓደኞቼ የምነግረው። በ1932 በሎስ አንጀለስ እንግሊዛዊቷ ጁዲ ከኦስትሪያዊቷ ኤለን ፕራይስ ጋር ለወርቅ ተገናኘች። ኤለን ሁለት ጊዜ ነክታት ዳኞቹ አላዩም። ጁዲ ራሷ «ነክታኛለች» ብላ ነገረቻቸው። ነጥቡ ለኤለን ተጻፈ። ወርቁም ለኤለን ሆነ፣ ጁዲ ብር ወሰደች። ገመድ በሌለበት ምሽት አሰልጣኛችን አንድ ደንብ ጨምረው ነበር፦ የተነካ ሰው ዳኛ ሳይጠይቀው እጁን ያነሳል። መጀመሪያ ሁላችንም አመነታን። ጥቂት ግጥሚያ ካለፈ በኋላ ግን አዳራሹ ጸጥ አለ፣ ክርክር ጠፋ፣ ጨዋታው ራሱ ደስ የሚል ሆነ። በዚያ ምሽት የተነካሁትን ያህል በትኩረት ተነክቼ አላውቅም። የት እንደተነካሁ ለመናገር ሰውነቴን ማዳመጥ ነበረብኝ፤ በመብራት ጊዜ ይህን አላደርግም።

አሰልጣኛችን ከዕቃቸው መሃል አንድ አሮጌ የኤፔ ጫፍም አሳዩን። ሦስት ትንንሽ ሹል ጥርሶች አሉት። ነጩን ልብስ ይዞ ስለቱ እንዲታጠፍና ዳኛ እንዲያይ የተሠራ ነው። ኤሌክትሪክ ቀድሞ የገባው በኤፔ ነው፤ በኦሊምፒክ መጀመሪያ የታየው በ1936 በበርሊን። ፎይል እስከ 1956፣ ሴበር እስከ 1992 ጠብቀዋል። ስለዚህ ናዲ፣ ፎንስት፣ ጎዳን፣ ኤለን ኦሲየር ሁሉም በዓይን የተዳኙ ናቸው።

አሁን ልምምዴን እንዲህ አድርጌዋለሁ። ከማሟሟቂያ በኋላ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቆዳ ዒላማ ላይ ቀስ ብዬ እዘረጋለሁ። ስለቱ ወደ ላይ እስኪታጠፍ ድረስ ጫፉን አሳርፌ እቆያለሁ። ከዚያ ላንጁን እጨምራለሁ። ፍጥነት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ደግሞ በሳምንት አንድ ምሽት ያለ ገመድ እንጋጠማለን፤ የተነካ ራሱ ይናገራል። ወደ መብራቱ ስንመለስ ጫፌ በብዛት እንደሚያርፍ አስተውያለሁ። ክንዴም ከእግሬ መቅደም ጀምሯል።

ቀጥሎ ሴበር ልሞክር ነው። በ1896 ወደ ቡዳፔስት ሄዶ ሃንጋሪዎችን ያስተማረውን ጣሊያናዊ መምህር ኢታሎ ሳንቴሊን ማንበብ ጀምሬአለሁ። በ1908 እና በ1912 በሴበር አራት ወርቅ የወሰደውን ሃንጋሪያዊ ዬኖ ፉክስንም እንዲሁ። ከእናንተ መሃል ሴበር የያዘ ካለ አንድ ነገር ንገሩኝ። ከፎይል ሲዛወር የእጅ አንጓን ለማላላት የረዳችሁ ልምምድ የትኛው ነው? ግራኞችም ካላችሁ፣ ቀኝ እጅ ተጠቃሚ ላይ ቀድማችሁ የምታዩትን ክፍት ቦታ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።